ጥጥ ከቆላ፣ ሱፍ ከደጋ

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ በስሜን ተራሮች አፋፍ ባለችው ደባርቅ በጋና ክረምት በአንድ ቀን ይፈራረቃሉ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ገበያተኛው ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፣ ጥላ ፍለጋም ግድግዳ ግድግዳ ይጠጋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ያው ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ወደ ቤቱ ይፈጥናል። ሲነጋ ሜዳው ላይ አመዳይ ተነጥፎ ይታያል፤ ልጆች ከቤት ወጥተው ፀሐይ ቀድማ በምታርፍበት ግድግዳ ሥር ተደርድረው ይሞቃሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ርቆ፣ በካርታ ላይ ሐሩር ቀጠና በሚባለው ምድር ነው።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ዳባት ከእርሷ ጥቂት ዝቅ ብላ 2,600 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ሰው በየ1,000 ሜትሩ ሲወጣ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ከ1,000 ሜትር በታች ከሚገኘው የተከዜ ሸለቆ ተነስቶ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ከ10 ዲግሪ በላይ ሙቀት ከኋላው ጥሎ መጥቷል ማለት ነው። ወደ ተራራው ሲዘልቅ ደግሞ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ይቀበሉታል፤ በእነዚህ ቦታዎች በደረቁ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በማሰሮ ያደረ ውሃም ቆዳ ያወጣል። በአውሮፓ ብርድ ከወር ወር ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሰውም ልብሱን በወቅት ይለውጣል። በስሜን ግን የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ከበጋውና ከክረምቱ ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ የአገሩ ልብስ በሰዓታት ውስጥ የሚወልቅና የሚደረብ፣ ቀን ትከሻ ላይ የሚጣል፣ ማታ አንሶላ የሚሆን ልብስ ሊሆን ግድ ነበር።

ያንን ልብስ ደገኛው ብቻውን አልሠራውም። ጥጡ ከቆላ ወጣ፣ ሱፉ ከደጋ ወረደ፣ ፈትሉን ሴቶች ፈተሉት፣ ሸማውን ብዙ ጊዜ መሬት የተነፈጋቸው ሸማኔዎች ሠሩት፣ ደባርቅና ዳባት ደግሞ እነዚህን ሁሉ በገበያ አገናኙ። የስሜን ታሪክ ሲነገር ስለ መሳፍንቱና ስለ አምባዎቹ ብዙ ይባላል። ያንን ሁሉ ሠራዊትና ገበሬ ከብርድ ያተረፉት እጆች ግን እምብዛም አይነሱም።

ስለ ስሜን ብርድ የተጻፈው ማስረጃ እጅግ ጥንታዊ ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በቀይ ባሕር ዳር በነበረችው አዱሊስ አንድ የድንጋይ ዙፋን አገኘ፤ በላዩ የተቀረጸውን የግሪክ ጽሑፍም ገለበጠ። ጽሑፉ ከኮስማስ ዘመን ብዙ የቀደመ፣ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን አገሮች የሚዘረዝርበት ነው። ከእነዚህ መካከል ከወንዝ ማዶ በማይደፈሩ ተራሮች የሚኖሩ የስሜን ሰዎች አሉ፤ በአገራቸው ዓመቱን ሙሉ ውርጭና በረዶ እንደሚወርድ፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ ንጉሡ አስጽፏል። ኮስማስም ራሱ የአክሱም ነገሥታት የፈረዱባቸውን ሰዎች ወደዚያ በረዷማ አገር በግዞት ይልኩ እንደነበር ጨምሮ ጽፏል። ጉልበት የሚውጥ በረዶ ዛሬ በስሜን የለም፤ ከፍ ባሉት ጫፎች አልፎ አልፎ የሚነጣው በረዶ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠፋል። የድል ጽሑፍም ማጋነን አያጣውም። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ለአክሱም ቤተ መንግሥት ስሜን ራሱን የቻለ ቅጣት ነበር።

ለተወለደበት ግን ቅጣት አልነበረም። ገብስ የሚያበቅል፣ ባቄላ የሚያፈራ፣ በግ የሚያረባ አገር ነው። በተለይ በጉ።

የስሜን በግ ከሌላው የኢትዮጵያ በግ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የኢትዮጵያን በጎች ዝርያ የለየ ጥናት የስሜንን በግ ራሱን ችሎ የቆመ ዝርያ ብሎ መዝግቦታል። ከሌሎቹ የደጋ በጎች ገዘፍ ይላል፤ ወንዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ከሴቶቹም አንዳንዶቹ ቀንድ ያወጣሉ፤ ከላይኛው ጠጉር ሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ አለው። ለተራራው የሚበጀው ይህ የውስጥ ሱፍ ነው። አየር በመካከሉ ይይዛል፣ የተያዘው አየርም ሙቀት አያስወጣም። በተጨማሪ ሱፍ በተፈጥሮው ቅባት አለው፤ ካፊያ ቶሎ አያሳልፍም፣ ቢርስም እንኳ ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ጥጥ እንዲህ አይደለም። ጥጥ ሲደርቅ ምቹ ነው፤ ከራሰ ግን ገላ ላይ ተለጥፎ ያንዘፈዝፋል። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል አፍጥኖ ከገላ ሙቀት ይወስዳልና ሐምሌ ላይ ዝናብ የመታው ባለ ነጠላ እረኛ ከታኅሣሥ ውርጭ ይልቅ በሐምሌው ቀትር የባሰ ይበርደዋል።

ደገኛው ይህንን በልምድ ያውቀዋል፤ ልብሱንም በዚያው ልክ ከፍሎታል። በደረቁ ወራት ጋቢ፣ በዝናቡ ወራት በርኖስና ገሳ።

በርኖስ የሚሠራው ከሱፍ ነው። በጉ በመቀስ ወይም በስለት ይሸለታል፤ ሱፉ በቀለሙ ይለያል፤ ጥቁሩ ለበርኖስ ይመረጣል፣ ማቅለሚያ አይፈልግምና። ከታጠበ በኋላ ይነደፋል፣ ከዚያም ይፈተላል። የተሸመነው ጨርቅ ከባድና ሻካራ ነው፤ ለገላ አይመችም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሌላ ልብስ በላይ ይደረባል። ትከሻው ሰፊ፣ ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። በበቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው በርኖስ ሲደርብ ጉልበቱን ጭምር ይሸፍንለታል፤ ለዚህም ነው የባላባትና የመንገደኛ ልብስ ሆኖ የቆየው። በሸዋ የመንዝ ሰዎች በበርኖስና በባና ሥራ ስማቸው ገኗል። የመንዝ በግም ባለ ሱፍ ነው፣ አገሩም እንደ ስሜን ብርዳም ነው። ስሜኖች በዚህ ረገድ የመንዝን ያህል ዝና አላገኙም፤ ከመሐል አገር ገበያ ስለራቁ ይመስላል።

በርኖስ መግዛት ያልቻለ ቆዳ ይለብሳል። ደበሎ፣ ሱፉ ሳይላጭ የለፋ የበግ ቆዳ፣ ዛሬ በብዙዎች አእምሮ ከቆሎ ተማሪ ጋር ብቻ ተያይዞ ቀርቷል። ከቀዬው ርቆ በየደጀ ሰላሙ ፊደልና ዜማ ለሚማር ልጅ ደበሎ ቀን ካፖርት፣ ሌሊት ፍራሽና ብርድ ልብስ ነበር። ስሜን ደግሞ ለዜማ ተማሪ ባዕድ አገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በዚያ ተራራ በምናኔ እንዳሳለፈ ይናገራል፤ ከራስ ዳሸን አጠገብ ካሉት ከፍተኛ ጫፎች አንዱም ስሙን ይዞ ይኖራል። የበግ ቆዳ በቤት ውስጥም አጎዛ ሆኖ መቀመጫ ላይ ይነጠፋል፤ የላም ቆዳው ደግሞ ጀንዲ ሆኖ መደብ ላይ ይዘረጋል። ይህ የሥር መነጠፊያ ከላይኛው ልብስ እኩል ቁም ነገር አለው። ቀዝቃዛ መሬት ላይ የተኛ ሰው የቱንም ያህል ቢደራረብ ሙቀቱን ከሥሩ ይነጠቃል፤ በተኛበት በኩል ልብሱ በክብደቱ ተጨፍልቆ አየር አይዝምና።

ገሳ የእረኛ ልብስ ነው። ከረጅም ሣር ተጎንጉኖ ከራስ እስከ ወገብ ይወርዳል፤ ዝናቡ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ የለበሰው ልጅም ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ሥሩ ይኮራመታል። ሲያልቅ ሌላ ይጎነጎናል፤ ወጪው የእረኛው ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ ላስቲክ ተክቶታል። ላስቲኩ ዝናብ ያስጥላል፤ ግን ላብንም ስለሚያፍን አቀበት የወጣ እረኛ ከውስጥ ረጥቦ ይገኛል።

ወደ ጋቢው እንመለስ፤ የስሜን ሰው ዕለት ተዕለት የሚኖርበት ልብስ እርሱ ነውና። ጋቢ የጥጥ ሥራ ነው፤ ጥጥ ደግሞ በደባርቅ አይበቅልም። ሙቀት የሚወድ ተክል በመሆኑ ከተከዜ ሸለቆ፣ ከጠለምት፣ ከመተማ አካባቢና ከሌሎቹ ቆላዎች ይመጣ ነበር። ቆለኛው ጥጡን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ገደሉን ይወጣል፤ ገብስ፣ ባቄላና በግ ይዞ ይወርዳል። ደገኛ ራሱ ወደ ቆላ መውረድ አይወድም፣ ወባ ይፈራል፤ ቆለኛም ደጋ ማደር ይከብደዋል። እንግዲህ ሁለቱ የሚገናኙት አፋፉ ላይ ነው። ደባርቅና ዳባት የቆሙት እዚያው አፋፉ ጫፍና ከጫፉ ጀርባ በተዘረጋው የወገራ ሜዳ ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስልም። ከቆላ የወጣው ነጋዴ ልብስ የሚደርበው፣ ወደ ቆላ የሚወርደው የሚያወልቀው እዚህ ነው።

ጥጡ ቤት ሲደርስ ሥራው የሴቶች ነው። ፍሬው ይዳመጣል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። የጥሩ ፈታይ እጅ ሲታይ ያስደንቃል። በግራ እጅ የተያዘው ባዘቶ እየቀጠነ ይወጣል፣ ቀኝ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ አሹሮ ይለቀዋል፣ ክሩ ሳይበጠስ ክንድ እስኪዘረጋ ይረዝማል፣ ከዚያ እንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ይህም ቡና እየተጠጣ፣ ወሬ እየተወራ፣ ዓይን ክሩን ሳያይ ይከናወናል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል የብዙ ሳምንት ምሽት ይጠይቃል። ሸማኔው በበኩሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል፣ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ከእጁ የሚወጣው ጨርቅ ክንድ የሚያህል ስፋት ስላለው ጋቢ ለመሆን ጎን ለጎን ይሰፋል፣ ከዚያም አራት ድርብ እስኪሆን ይታጠፋል። ሙቀቱ ያለው በድርቦቹ መካከል ነው። በየድርቡ መሐል አየር ይታሰራል፤ ለዚህም ነው አዲስ፣ ገና ያልታሸ ጋቢ ከአሮጌው የበለጠ የሚሞቀው።

ሸማኔዎቹ እነማን ነበሩ? በጎንደርና በዙሪያው ሽመና በብዛት በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤል እጅ ነበር። ቤተ እስራኤል በስሜን ጥንታዊ ሥር አላቸው። በጌዴዎን ስም የሚታወቁት አለቆቻቸው ተራራውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ከክርስቲያን ነገሥታት ጋር ተዋግተዋል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አፄ ሱስንዮስ ኃይላቸውን ሰበሩ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ርስት አልባ ሆኑ። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራልና ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ አበጁ። የስሜንና የወገራ ገበሬ ማረሻውን፣ ጀበናውንና ጋቢውን ከእነርሱ ገዝቶ ሲያበቃ ስም አወጣላቸው፣ ቡዳ አላቸው፣ ማዕዱን ነፈጋቸው። ይህ በደል ነው፣ በግልጽ ሊነገርም ይገባዋል፤ ያን ሁሉ ሰው ከውርጭ ያዳነ ሙያ ለባለሙያው ስድብ ሆኖ መቅረቱ ከአገሩ ታሪክ የማይጠፋ እድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ዘመቻዎችና በመካከላቸው ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። በ1991ዱ ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጉዘዋል። በብዙ የስሜንና የወገራ መንደሮች የሸማኔው ጉድጓድ ባዶ ቀረ፤ ሙያውን በስድብ ምክንያት ሌላው ልጁን አላስተማረምና የሚተካው እጅ አልተዘጋጀም ነበር።

ልብስ ብቻውን ሌሊቱን አያሳልፍም። የደጋው ቤት በድንጋይ ወይም በጭቃ የተገደገደ፣ ሣር የተከደነ፣ መስኮቱ ጠባብ ወይም ጭራሹን የሌለው ነው። መካከል ላይ ምድጃ አለ፤ ጭስ ማውጫ የለውም። በከፍተኞቹ መንደሮች ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ የአንዲት ላም ገላ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ ሙቀት ይሰጣል፣ ለሌባና ለጅብም በር ይዘጋል። የሚነደው ኩበት፣ አስታና የመሳሰለው የተራራ ቁጥቋጦ፣ በኋላም ባሕር ዛፍ ነው። ኩበት ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ፍሙ ይቆያል፤ አመድ ከለበሰ እስከ ንጋት ያድራል። ዋጋው ጭሱ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምድጃው አጠገብ የሚውሉትን ሴቶችና ሕፃናት ይመታል። ለማሳ ማዳበሪያ መሆን የነበረበት እበት መንደዱም ሌላ ኪሳራ ነው። ቆርቆሮ ሲመጣ ቤቱ ከዝናብ ተረፈ፤ ግን ሣር ክዳን የሚይዘውን ሙቀት ቆርቆሮ አይዝም። የደባርቅ የቆርቆሮ ቤት ከውስጡ ኮርኒስ ካልተመታ ሌሊቱን ከሣር ቤት ይልቅ ይበርዳል።

ምግቡም የራሱ ድርሻ አለው። የተራራው እህል ገብስ ነው፤ በሶውና ቆሎው የመንገደኛ ስንቅ፣ ገንፎው የወላድና የታማሚ ምግብ። ዛሬ የደባርቅ አካባቢ ገበሬ የሚታወቅበት ድንች ግን የቅርብ እንግዳ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው፣ እ.ኤ.አ. በ1858፣ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ሺምፐር የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ባለሟል ነበር፤ ውቤ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ሲያሠራም ከሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ጋር አብሮ ደክሟል። በዚያች ቤተ ክርስቲያን በ1847 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቋረኛው ካሣ ውቤን ድል ባደረገ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የየካቲት ሌሊት በደረስጌ ቀላል አይደለም። ከደምቢያና ከቋራ ሞቃት ሜዳ የመጣው ሠራዊት ያን ሰሞን በምን እንደሞቀ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ አላሰቡትም።

አረቄም አለ። ብርድ ላይ አንድ መለኪያ የወረወረ ሰው ወዲያው ደረቱ ይሞቀዋል፤ ፊቱም ይቀላል። የሚሞቀው ቆዳው ነው። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት የውስጡ ሙቀት ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ቤት ገብቶ ለሚተኛ ሰው ጉዳቱ ጥቂት ነው፣ ሜዳ ለሚያድር ግን አደገኛ ነው። ከዚያ ይልቅ ትኩስ በሶና ዝንጅብል ያለው ሻይ ይበልጣል።

ሜዳ ማደር ደግሞ የሊማሊሞ መንገደኛ ዕጣ ነበር። ከምጽዋና ከዓድዋ ወደ ጎንደር የሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ተከዜን ተሻግሮ በሊማሊሞ ገደል ላይ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲሄድ ያለፈው በዚሁ ነው፤ አናቱ ላይ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልበት ኬላ ነበር። አቀበቱን ቀኑን ሙሉ በላብ የወጣ ሰው ማታ አፋፉ ላይ ሲደርስ ልብሱ ረጥቧል፣ ነፋሱ ከታች እየተምዘገዘገ ይመጣል፣ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። የሲራራ ሰዎች ልምድ በዚህች ሰዓት ላይ ያተኮረ ነው፦ ጭነት ማራገፍ፣ ላብ ያለበትን መለወጥ፣ እሳት ማንደድ፣ የጭነቱን ቁርበት አንጥፎ ከበቅሎዎቹ ጋር በነፋሱ ጀርባ መተኛት። ከብሩስ በኋላ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1832 እንጨትካብ ላይ ሰፍሮ የስሜንን እንስሳት መዘገበ። ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒየ እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ደረሱ። የሁሉም ጉዞ በአገሬው ባለበቅሎ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ባለበቅሎውም በጋቢው ላይ።

ጣሊያኖች በወረራቸው ዓመታት በሊማሊሞ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ቀደዱ፤ ጠመዝማዛው ዛሬም ድረስ ሹፌርን ያስጨንቃል። ከደባርቅ አጠገብ ውልክፊት ላይም ምሽግ ሠሩ። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ ያ ምሽግ እጅ አልሰጠም። የአካባቢው አርበኞች ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ክረምቱን ሙሉ ከበቡት፤ በጭጋግና በዶፍ ውስጥ፣ ባብዛኛው በቡልኮና በጋቢ። ካፖርትና የድንጋይ ምሽግ የነበረው ጦር በረሃብ ተዳክሞ በ1934 ዓ.ም. መስከረም እጁን ሰጠ። ወታደሮቹ ሲሄዱ ካፖርቱ ቀረ፤ በመላ አገሪቱ ደጋዎች የገበሬ ትከሻ ላይ የወታደር ካፖርት የተለመደው ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ የአገር ሱፍ እየገዛ ብርድ ልብስ ማምረት ጀመረ። በመኪናው መንገድ ልባሽ ጨርቅ፣ ሹራብና የውጭ ብርድ ልብስ ደባርቅ ገቡ። ድሩ በፋብሪካ ክር ተተካ። በርኖስ የሚያሠራ ሰው ጠፋ፤ ሱፉም ብዙውን ጊዜ ከቆዳው ጋር በርካሽ ይሸጣል። እረኞች በመንገድ ዳር ለጎብኚ የሚያቀርቡት የሱፍ ቆብ ከዚያ ሁሉ ሙያ የቀረ ጭላጭ ነው፤ ሆኖም የተፈተለው በእጅ፣ የተሸለተውም ከዚያው በግ ነው።

ጎብኚውን ያመጣው ፓርኩ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በአዋጅ ጸና፤ በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ላይ ነው። አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ባለበቅሎው፣ መሣሪያ ያነገበው ስካውትም ከዚያው ይነሳሉ። ጎብኚው የላባ ካፖርትና የመኝታ ከረጢት ይዞ ይመጣል፤ የሌለውም ይከራያል። ጨነቅ ላይ ከእሳቱ ዳር ሲታይ ስካውቱ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጠመንጃውን አቅፎ፣ እግሩ ላይ ላስቲክ ጫማ አድርጎ ነው። ስካውቱ ይበልጥ ስለለመደ አይበርደውም የሚሉ አሉ። ይበርደዋል። ከእንግዳው ጋር ለሚያድር ሠራተኛ ሁሉ ወፍራም የሥር መነጠፊያና ደረቅ ድንኳን ማቅረብ የጉዞው ዋጋ አካል መሆን አለበት።

ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ከ3,600 ሜትር ወረዱ፤ ብርዱ ቀነሰላቸው። ከግጦሹም ተለዩ። በግ የሌለው ቤት ደበሎና አጎዛ ከገበያ ይገዛል፣ ኩበትም እንዲሁ።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከቆላ ወደ ደጋ የመጡ አሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ አዲአርቃይ፣ ዛሪማና ጠለምት ሲስፋፋ ብዙ ሺህ ሰዎች በሊማሊሞ ወጥተው ደባርቅ ደረሱ፤ በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ፣ ነዋሪውም ምግብና ልብስ አካፈላቸው። ወራቱ ሐምሌና ነሐሴ ነበሩ። የመጡት በቆላ ልብስ፣ በስስ ነጠላና በክፍት ጫማ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በማይ ዓይኒና በዓዲ ሓሩሽ መጠለያዎች የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ከዳባት አጠገብ ወደተዘጋጀው የአለምዋጭ ጣቢያ መምጣት ጀመሩ፤ እነርሱም ከሞቃት ምድር ነው የተነሱት። በሸራ ሥር የሚያድር ሰው መደብ የለውም፣ የሚያድር ፍም የለውም፣ ከብትም አጠገቡ አይተኛም። አንድ ብርድ ልብስ ለአንድ ሰው የሚለው የዕደላ ስሌት ቆላ ላይ ሊሠራ ይችላል። ዳባት ላይ ግን ከላይ ከሚደረበው በፊት ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ነገር፣ ቁርበትም ይሁን ፍራሽ፣ አብሮ መታደል አለበት፤ እርጥበት የማያሳልፍ ላስቲክም ከእርሱ ሥር።